የጨለማው ልዑል እና አንድ ጥቁር ሽቦ

ለሥራ እንግሊዝ ከመጣሁ ወዲህ የተግባባኋቸው አንድ ጡረተኛ ጎረቤት አሉኝ። እ.ኤ.አ. የ1966 ኤምጂቢ አለቻቸው፤ ባለ ሁለት መቀመጫ፣ ጣሪያዋ የሚገለጥ፣ ከእኔ በሠላሳ ዓመት የምትበልጥ ስፖርት መኪና። ባለፈው ጥቅምት አብረን ወጥተን ዝናብ ላይ ቀጥ አለች። ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም።

እኔም ሳላስብ "ሉካስ ነዋ!" አልኩ። ሰውየው ፈገግ አሉና መልቲሜትሩን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

ሉካስ የእንግሊዝ መኪኖችን የኤሌክትሪክ ዕቃ ሲያቀርብ የኖረ የበርሚንግሃም ኩባንያ ነበር። የድሮ መኪና ወዳጆች "የጨለማው ልዑል" ይሉታል። እንግሊዞች ቢራቸውን ለምን ሳይቀዘቅዝ ይጠጣሉ? ፍሪጃቸውን የሠራው ሉካስ ስለሆነ! ቀልዱ እንዲህ ነው። እኔም የለቀምኩት ከኢንተርኔት ነበር።

ቀልዱ ከመሬት አልተነሳም። ኤምጂቢ ከ1962 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. አቢንግደን በምትባል ከተማ ተገጣጥማለች፤ ከ5 መቶ ሺህ በላይ ተሠርታለች። ብዙ ሰው እንዲገዛት ታስባ የተሠራች ስለሆነች ነገሯ ሁሉ በቁጠባ ነው። በመጀመሪያዎቹ ላይ የሚሠሩት ፊውዞች ሁለት ብቻ ናቸው። የፊት መብራቱም፣ የሞተር ማስነሻው መስመርም በፊውዝ አያልፉም። ሽቦዎቹ የሚቀጣጠሉት እርስ በርስ በሚሰካኩ ትንንሽ ጫፎች ነው። እዚያ ውስጥ እርጥበት ሲገባ ይዝጋል። በዚያ ላይ ሃምሳ ዓመት ሙሉ እያንዳንዱ ባለቤት የራሱን ሽቦ ቀጥሏል፣ ቆርጧል፣ በፕላስተር ጠቅልሏል። የዚያ ሁሉ እጅ ጥፋት በአንድ ስም ተጠራ።

እኔን የገረመኝ ግን የሽቦዎቹ ቀለም ነው። ቡናማው ከባትሪ በቀጥታ ይመጣል። ነጩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኤሌክትሪክ ያገኛል። አረንጓዴው ያው የቁልፉ መስመር ነው፣ ግን በፊውዝ ካለፈ በኋላ። ጥቁሩ ወደ መኪናው አካል ይመለሳል፣ ማለትም ግራውንድ ነው። የቀለሙን ትርጉም ለሚያውቅ ሰው ይሄ በደንብ ኮሜንት የተደረገበት ኮድ ማለት ነው። ተሳዳቢዎቹ የማያነቡት ኮድ።

ወደ ዝናቡ እንመለስ። ሰውየው ቁልፉን አዞሩና "ስማ" አሉኝ። ምንም ድምፅ የለም። የዚህች መኪና የቤንዚን ፓምፕ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ ቁልፍ ሲዞር ቲክ ቲክ ይላል፣ ካርቡራተሮቹ ሲሞሉ ዝም ይላል። ሳያቋርጥ ቢመታ ቤንዚን አልቋል ወይም አየር እየሳበ ነው። ከመጀመሪያው ዝም ካለ ግን ወይ ኤሌክትሪክ አልደረሰውም፣ ወይ ግራውንዱ ተቋርጧል፣ ወይ ውስጡ ያሉት መገናኛዎች ቆሽሸዋል። አንድ ድምፅ በመስማት ብቻ ግማሹን ጥርጣሬ ጣልነው።

ፓምፑ ጋ የደረሰውን ነጭ ሽቦ ለካሁ፤ ሜትሩ ከዜሮ በታች 12 አሳየኝ። ሜትሩ ተበላሽቷል ብዬ ነበር። ለካ እስከ 1967 የተሠሩት ኤምጂቢዎች ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዙት የባትሪውን ፖዘቲቭ ነው፤ የዛሬዎቹ ተቃራኒ! ኤሌክትሪክ ደርሷል ማለት ነው። ቀጥዬ በፓምፑ ጥቁር ሽቦና በመኪናው አካል መካከል ለካሁ። ዜሮ መሆን ነበረበት። እዚያም 12 አካባቢ። መመለሻው ተቋርጧል። ጥቁሩ ሽቦ ከአካሉ ጋር የሚታሰርበት ብሎን ዝጎ ነበር። ፈታነው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግነው፣ መልሰን አሰርነው። ቲክ ቲክ አለ።

ብሎኑ የሉካስ አልነበረም።

መንገዱን ሙሉ አንድ ሰው ትዝ አለኝ። አዲስ አበባ እያለሁ የምንሠራው የክፍያ ሲስተም ማታ ማታ ይወድቅ ነበር። ቡድናችን በአንድ አፍ "የእሱ ኮድ ነው" አለ። "እሱ" ከእኛ በፊት ሥራውን የለቀቀ ልጅ ነው፤ ለራሱ የሚመልስበት ዕድል አልነበረውም። ሎግ እንኳን በወጉ ሳናነብ የጻፈውን ክፍል ሦስት ሳምንት ፈጅተን እንደ አዲስ ጻፍነው። ሲስተሙ አሁንም ወደቀ። በመጨረሻ የተገኘው ችግር ከዳታቤዝ ጋር የሚከፈት፣ ግን የማይዘጋ ግንኙነት ነበር። የጻፍኩት እኔ ነኝ። አስተካከልኩት፤ ለማንም አልነገርኩም። ስሙ ግን ቡድኑ ውስጥ ቀልድ ሆኖ ቀረ። የሆነ ነገር በተበላሸ ቁጥር ስሙን እየጠራን እንስቅ ነበር። እኔም ስቄያለሁ።

ማታ ቤት ስገባ ሊንክድኢን ላይ ፈልጌ አገኘሁት። ስለ ኤምጂቢዋ ምንም አላነሳሁም። የትኛው ፋይል እንደነበር፣ ማን እንደጻፈው፣ እኛ ምን እንዳልን ጽፌ ላክሁለት። ለድሮው ቡድናችን ግሩፕም ያንኑ ጻፍኩ።