ከማስቲካ እሽግ እስከ ጨረታ አዳራሽ፤ የስፖርት ካርዶች በልዋጭና በቅናሽ እንዴት ይሰበሰባሉ?

በኦገስት 2022 በአሜሪካ በተካሄደ ጨረታ ከመዳፍ የማይበልጥ አንድ የካርቶን ቁራጭ በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በካርቶኑ ላይ የታተመው የኒውዮርክ ያንኪስ የቤዝቦል ተጫዋች የነበረው የሚኪ ማንትል ምስል ሲሆን፣ ያሳተመው ደግሞ ቶፕስ የተባለው የማስቲካ ኩባንያ ነው። ዘመኑ 1952 ነበር። በዚያን ጊዜ ልጆች ካርዶቹን ከማስቲካ ጋር ታሽገው በጥቂት ሳንቲም ይገዟቸው ነበር።

እንዲህ ያለው ዜና በተሰማ ቁጥር ካርድ መሰብሰብ የሀብታሞች ጨዋታ ወይም የሎተሪ ዕጣ መስሎ ይታያል። አብዛኛው ሰብሳቢ ግን የሚሊዮን ዶላር ካርድ በዓይኑም አያይም። የእሱ ሥራ የጎደለውን በትርፉ መለወጥ፣ ከተከመረ ሣጥን ውስጥ የአንድ ዶላር ካርድ ፈልጎ ማውጣትና ስብስቡን አንድ በአንድ መሙላት ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ በዚህ መንገድ በአነስተኛ ገንዘብ የተሟላ ስብስብ የያዙ ብዙዎች ናቸው። በአንጻሩ በብዙ ገንዘብ ብዙ ካርድ ገዝተው ባዶ እጃቸውን የቀሩም አሉ። ልዩነቱ የሚመጣው አንድ ካርድ ለምን ዋጋ እንደሚያወጣ ከመረዳትና ካለመረዳት ነው።

አጀማመሩ

የስፖርት ካርድ በአሜሪካ የተጀመረው በ1880ዎቹ በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ነው። ትንሿ ካርቶን ሁለት ጥቅም ነበራት። በአንድ በኩል ፓኮው እንዳይጨማደድ ትደግፋለች፤ በሌላ በኩል አጫሹ የጎደለውን ምስል ፍለጋ ያንኑ ሲጋራ ደግሞ ደጋግሞ እንዲገዛ ታደርጋለች። ከ1909 እስከ 1911 ከሲጋራ ጋር ከተሰራጩት ካርዶች መካከል የፒትስበርግ ፓይሬትሱ የሆነስ ዋግነር ካርድ ዛሬም በዓለም ከታወቁት አንዱ ነው። የዋግነር ካርድ ኅትመት ገና በጅምሩ በመቋረጡ በዓለም ላይ የቀሩት ከ60 ገደማ እንደማይበልጡ ይገመታል። ከእነዚህ አንዱ በ2022 በ7.25 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል።

በ1930ዎቹ የሲጋራውን ቦታ ማስቲካ ወሰደ። የቦስተኑ ጉዲ የማስቲካ ኩባንያ በ1933 እስከ 240 ቁጥር የተሰጣቸው ካርዶች ሲያወጣ ቁጥር 106ን ሳያትም ቀረ። ልጆቹ የሌለውን ካርድ ፍለጋ ማስቲካ መግዛታቸውን ቀጠሉ። ነገሩን ደርሰውበት ለኩባንያው ቅሬታቸውን በደብዳቤ ለጻፉ ሰብሳቢዎች በ1934 የናፕ ላጆይ ምስል ያለበት ቁጥር 106 ካርድ በፖስታ ተላከላቸው። ካርዱ የተሰጠው ለጠየቁት ብቻ ስለነበረ ዛሬ ከዚያ ዘመን ካርዶች ሁሉ ውድ ከሚባሉት አንዱ ሆኗል።

ቶፕስ ደግሞ በ1956 ዋነኛ ተፎካካሪውን ቦውማንን ገዝቶ ገበያውን ለብቻው ማለት በሚቻል ሁኔታ ያዘ። በቀጣዩ ዓመት የካርዱን መጠን 6.4 በ8.9 ሴንቲ ሜትር አደረገው። ይህ መጠን እስከ ዛሬ የካርዶች ሁሉ ልክ ሆኖ ይሠራበታል።

ዋጋ ከየት ይመጣል?

የካርድ ዋጋ በዋናነት በሦስት ነገሮች ይወሰናል። እነሱም የተጫዋቹ ዝና፣ የካርዱ ብዛት እና የካርዱ ይዞታ ናቸው። ተጫዋቹ በዋናው ሊግ መጫወት በጀመረበት ጊዜ የሚወጣው ካርድ፣ ሰብሳቢዎች «ሩኪ» የሚሉት፣ ከኋለኞቹ ካርዶቹ ይበልጥ ይፈለጋል።

ከሦስቱ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ብዛትን ነው። የ1952ቱ የማንትል ካርድ ውድ የሆነው ማንትል ታላቅ ተጫዋች ስለነበረ ብቻ አይደለም። ካርዱ የታተመው በዚያ ዓመት ስብስብ የመጨረሻ ክፍል ውስጥ ነበር። ይህ ክፍል ለገበያ የቀረበው የውድድሩ ዓመት ሊያልቅ ሲል በመሆኑ ብዙው ሳይሸጥ በመጋዘን ቀረ። የካርዶቹ ንድፍ አውጪ ሲ በርገር ራሳቸው እንደተናገሩት፣ ኩባንያው በ1960 የተረፈውን ክምችት በጀልባ አስጭኖ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ አስጣለው። በልጆች እጅ ከነበሩትም ብዙዎቹ ተቀደዱ፣ በብስክሌት ጎማ ላይ ተሰክተው አለቁ፣ ወይም እናቶች ቤት ሲያጸዱ ተጣሉ። እንግዲህ ካርዱን ውድ ያደረገው ማንም ከቁም ነገር ሳይቆጥረው መቅረቱ ነው።

ሁሉም ሰው ያስቀመጠው ነገር

ይህን ያልተረዱ ሰዎች በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብዙ ገንዘብ ከስረዋል። በ1980 አንድ ፍርድ ቤት የቶፕስን ብቸኛ ይዞታ የሚጻረር ውሳኔ ሲሰጥ፣ ፍሊርና ዶንረስ የተባሉ ኩባንያዎች በ1981 ወደ ገበያው ገቡ። ውሳኔው በይግባኝ ቢሻርም ኩባንያዎቹ ማስቲካውን ትተው ካርድ መሸጣቸውን ቀጠሉ። በ1989 አፐር ዴክ የተባለው ኩባንያ ጥራት ያለው ወረቀትና ማጭበርበርን የሚከላከል የሆሎግራም ምልክት ይዞ መጣ። የስብስቡ ቁጥር 1 ካርድ የኬን ግሪፊ ጁኒየር ነበር።

በዚሁ ጊዜ የድሮ ካርዶች ዋጋ መናሩን ጋዜጦች ማውራት ጀምረው ነበር። የስታቲስቲክስ ምሁሩ ጄምስ ቤኬት በ1984 ያስጀመሩት ወርሃዊ የዋጋ መመሪያ መጽሔትም የእያንዳንዱን ካርድ ዋጋ በየቤቱ አደረሰ። ወላጆች ለልጆቻቸው የኮሌጅ ክፍያ ይሆናል ብለው ካርድ በካርቶን እየገዙ ሳይከፍቱ አስቀመጡ። ኩባንያዎቹም ፍላጎቱን አይተው ያለልክ አተሙ። በኦገስት 1994 የተጀመረው የቤዝቦል ተጫዋቾች የሥራ ማቆም አድማ የዚያን ዓመት የዓለም ሻምፒዮና እስከማሰረዝ ሲደርስ የደጋፊው ስሜት ቀዘቀዘ፤ የካርዱም ገበያ አብሮ ወረደ።

ያ ዘመን ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ የሚታወቀው በንቀት ስም ነው። ሁሉም ሰው በጥንቃቄ ስላስቀመጣቸው አንዳቸውም ብርቅ አልሆኑም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ያልተከፈቱ እሽጎች ዛሬም በጥቂት ዶላር ይሸጣሉ። ለትርፍ የገዛው ሰው ሲከስር፣ ለፍቅሩ የሚሰበስበው ግን ተጠቃሚ ሆኗል። በልጅነቱ የተመኘውን ሙሉ ስብስብ አሁን በአንድ ምሳ ዋጋ ሊያገኘው ይችላል።

የልዋጭ ሥርዓት

በአዲስ አበባ ሰፈሮች የፕላስቲክ ዕቃ ተሸክሞ በአሮጌ ልብስና ጫማ የሚለውጠውን ልዋጭ የማያውቅ የለም። የሥራው ምስጢር ለአንዱ ትርፍ የሆነው ለሌላው ጉድለት መሆኑ ነው። የካርድ ልዋጭም የሚሠራው በዚሁ ነው። እሽግ የሚገዛ ሰው አንድ ዓይነት ካርድ ደጋግሞ ይወጣለታል፤ ሌላው ደግሞ የዚያኑ ካርድ ቁጥር ለማግኘት ይደክማል።

ልምድ ያለው ሰብሳቢ ሁለት ዝርዝሮች ከእጁ አይለዩም። አንዱ የሚፈልጋቸው ካርዶች ዝርዝር ሲሆን ሌላው የተደጋገሙበትን ይይዛል። ተራ የሆኑ ካርዶች አንድ ለአንድ ይለወጣሉ። ውድ ለሆኑት ግን ሁለቱም ወገኖች በአንድ የዋጋ መለኪያ አስቀድመው መስማማት አለባቸው። ዛሬ ይበልጥ የሚታመነው ሻጮች የሚጠሩት ዋጋ ሳይሆን፣ ተመሳሳይ ካርድ በቅርብ ሳምንታት በኢንተርኔት ጨረታዎች በእርግጥ የተሸጠበት ዋጋ ነው።

የቦታ ልዩነትም ለልዋጭ ያመቻል። የአንድ ከተማ ቡድን ተጫዋቾች ካርድ በከተማው ይወደዳል፤ ከዚያ ውጪ ግን ፈላጊው ያንሳል። ቦስተን ያለ ሰው በአካባቢው ብዙም የማይፈለጉ የሲያትል ተጫዋቾችን በርካሽ ሰብስቦ፣ ሲያትል ካለ ሰው የቦስተን ተጫዋቾችን ቢለውጥበት ሁለቱም ያተርፋሉ።

ልዋጩ በፖስታ ሲሆን ያልተጻፉ ደንቦች አሉ። ካርዱ መጀመሪያ በለስላሳ ፕላስቲክ፣ ቀጥሎ በጠንካራ ፕላስቲክ ይሸፈናል፤ ከዚያም በሁለት ካርቶን መካከል ሆኖ ይላካል። የተጣመመ ጠርዝ ወይም ጭረት ካለው አስቀድሞ ይነገራል። አዲስ ሰው ልምድ ላለውና ስሙ በመልካም ለሚነሳው ቀድሞ ይልካል። በዚህ ዓለም ስም ከካርድ ይበልጣል፤ አንድ ጊዜ ያጭበረበረ ሰው የሚለውጠው አያገኝም።

ቅናሽ የት ይገኛል?

የመጀመሪያው ምክር እሽግ ከመክፈት ይልቅ የሚፈልጉትን ካርድ ለይቶ መግዛት ነው። በእሽግ ውስጥ የሚገኙት ካርዶች ዋጋ ሲደመር በአብዛኛው ከእሽጉ ዋጋ ያነሰ ነው። እሽግ መክፈት ደስታ አለው፤ ነገር ግን የደስታው ዋጋ ከካርዱ ዋጋ ተለይቶ መታሰብ አለበት።

ሁለተኛው ጊዜን መምረጥ ነው። አዲስ ካርድ በወጣ ሰሞን ዋጋው ይሰቀላል፤ ብዙ ሰው እሽጉን ከፍቶ ገበያው ሲሞላ ይወርዳል። የቤዝቦል ካርድ ውድድር በሌለበት በክረምት ወራት ይረክሳል። ተጫዋች ሲጎዳ ወይም አቋሙ ሲወርድ ካርዱም አብሮ ይወርዳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ሁለት ወር መታገሥ የሚችል ገዢ ከቸኮለው ባነሰ ዋጋ ያንኑ ካርድ ይወስዳል።

ሦስተኛው ቦታ መምረጥ ነው። በካርድ ትርዒቶች ላይ ነጋዴዎች በአንድ ዋጋ የሚሸጡ ካርዶችን የሚከምሩባቸው ሣጥኖች አሉ። ነጋዴው ሁሉንም ለመለየት ጊዜ ስለሌለው፣ የሚያውቅ ገዢ ቁጭ ብሎ ቢያገላብጥ ከዋጋው በላይ የሚያወጣ ያገኛል። ከ1980 ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄደው የአሜሪካ ብሔራዊ የሰብሳቢዎች ጉባዔ የዚህ ትልቁ ገበያ ነው። በትርዒቱ የመጨረሻ ቀን ነጋዴው ሸክሙን ይዞ መመለስ ስለማይፈልግ ዋጋ ለማስቀነስ ያመቻል፤ ሃያ ካርድ መርጦ የጅምላ ዋጋ መጠየቅም ነውር የለውም። ቤተሰቦች አሮጌ ዕቃቸውን በደጃቸው ዘርግተው የሚሸጡበት ገበያና በጽሑፍ ስህተት ምክንያት ፈላጊ ያጣ የኢንተርኔት ማስታወቂያም ቅናሽ የሚገኝባቸው ናቸው።

ርካሽ ሆኖ ውድ የሚሆነው

ይሁን እንጂ ያለልክ የረከሰ ካርድ ሲገኝ መጠርጠር ይገባል። የቆዩ ውድ ካርዶች አስመስለው ይታተማሉ። በማጉያ መነጽር ሲታይ በብዙዎቹ የቆዩ ካርዶች ላይ ጥቁሩ ጽሑፍ ድፍን ሆኖ ይታያል፤ ከፎቶ በተቀዳው ላይ ግን ፊደሎቹም ሳይቀሩ በጥቃቅን ነጠብጣቦች የተሞሉ ናቸው። ያረጀ ጠርዝ አዲስ እንዲመስል የሚቆርጡም አሉ።

ለዚህ መፍትሔ ይሆናል ተብሎ ነው ካርዱን መርምረው ከ1 እስከ 10 ደረጃ የሚሰጡ ድርጅቶች የተቋቋሙት። ከእነዚህ ታዋቂው ፒኤስኤ በ1991 ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያውን ቁጥር የሰጠው ለአንድ የሆነስ ዋግነር ካርድ ሲሆን ደረጃው 8 ነበር። በ2013 ግን ካርዱን ቀደም ሲል የሸጡት ታዋቂ የጨረታ ነጋዴ ጠርዙን መቁረጣቸውን በፍርድ ቤት አመኑ። ስለዚህ የደረጃ ማረጋገጫ ጠቃሚ ቢሆንም የገዢውን ዓይን አይተካም። ለብዙ ተራ ካርዶችም የምርመራው ክፍያ ከካርዱ ዋጋ ስለሚበልጥ አያዋጣም።

ቅናሽና ማታለል የሚለያዩበት

በመጨረሻ የሚነሳው ጥያቄ ያልተጻፈው ሕግ ነው። በ1990 ኢሊኖይ ውስጥ አንድ ታዳጊ የኖላን ራያንን የመጀመሪያ ካርድ በ12 ዶላር ገዛ። ባለመደብሩ የለጠፈው ዋጋ 1,200 ዶላር ሲሆን፣ ስለ ካርድ ልምድ ያልነበራት ሻጭ ቁጥሩን እንደ 12 አንብባው ነበር። ባለመደብሩ ካርዱ እንዲመለስ ፍርድ ቤት ሄደ። በመላው አሜሪካ ግማሹ ሰው «ሻጭ ዋጋ ጠራ፣ ገዢ ከፈለ፤ አለቀ» ሲል ሌላው «ስህተት መሆኑን እያወቀ ነው የገዛው» ብሎ ተከራከረ። ጉዳዩ በ1991 በስምምነት ተዘግቶ ካርዱ በጨረታ ተሸጠ፤ ገንዘቡም ለበጎ አድራጎት ዋለ።

ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የሚለው አባባል በካርድ ገበያም ይሠራል። ነጋዴ ሣጥኑን ሳያይ ቢሸጥ ኃላፊነቱ የራሱ ነው፤ ሥራው ማወቅ ነውና። አንድ ጎልማሳ ከአሥር ዓመት ልጅ እጅ ውድ ካርድ በአምስት የሚያብረቀርቁ ተራ ካርዶች ቢለውጥ ግን ቅናሽ አገኘ አይባልም። ደህና ሰብሳቢዎች በዚህ ጊዜ የካርዱን ዋጋ ለልጁም ለወላጁም ይነግራሉ። ምክንያቱ ደግነት ብቻ አይደለም። ልዋጭ ነገም ለዋጭ ይፈልጋል፤ ዛሬ የተታለለው ልጅ አልበሙን ዘግቶ ከሄደ ነገ የጎደለውን ቁጥር የሚይዝ ሰው አይኖርም።