የጓሮ ቅጠልና የቤት ምርቃት

በደጋው ክርስቲያን ቤት ሰው ሲያነጥስ አጠገቡ ያለው «ይማርህ» ይለዋል፤ ያነጠሰውም «ያኑርህ» ሲል ይመልሳል። ሕፃን ሮጦ ሲወድቅ እናቲቱ ገና ከመቀመጫዋ ሳትነሣ «እኔን!» ትላለች፤ ትርጓሜውም ጉዳቱ ከልጄ ይልቅ በእኔ ይሁን ማለት ነው። ለታመመ ሰው «እግዜር ይማርህ»፣ ለነፍሰ ጡር «ማርያም በሽልም ታውጣሽ»፣ ለታዘዘ ልጅ «እደግ፣ ተመንደግ» ይባላል። እነዚህን ቃላት ያስተማረ ትምህርት ቤት የለም፤ ያዘዛቸውም ሐኪም የለም። ሆኖም ሐኪም ቤት ባልነበረበት ዘመን ሕመምተኛው መጀመሪያ የሚያገኘው እርዳታ እነዚህ ቃላትና ከጓሮ የተቀጠፈ ቅጠል ነበሩ።

የኢትዮጵያ የሕክምና ታሪክ ሲተረክ አብዛኛውን ጊዜ መነሻ የሚሆነው ከዓድዋ ጦርነት በኋላ በ1896 አዲስ አበባ የደረሰው የሩሲያ ቀይ መስቀል ልዑክ፣ ቀጥሎም በ1910 የተቋቋመው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት የነበረው «ባህላዊ ሕክምና» በሚል አንድ ስም ተጠቃልሎ ይታለፋል። ይህ አነጋገር ግን ሁለት በጣም የተለያዩ ነገሮችን ያደበላልቃል። አንደኛው የደብተራው ሕክምና ነው፤ በብራና የተጻፈ፣ ከክታብና ከአስማት ጋር የተሳሰረ፣ ባለቤቱም ለልጁ ወይም ለደቀ መዝሙሩ ካልሆነ በቀር የማይገልጠው ምሥጢር ነው። ሁለተኛው የቤት ሕክምና ነው። ይህኛው መጽሐፍ የለውም፤ ባለቤቶቹም በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ጎረቤት ጎረቤትን ትጠይቃለች፤ ዳማከሴው ከአንዱ ጓሮ ወደ ሌላው ያለ ዋጋ ይሻገራል። የሚሰጠውም በግልጽ፣ በቤተሰብ ፊት፣ በምርቃት ታጅቦ ነው።

የተመራማሪዎች ዓይን ያረፈው በመጀመሪያው ላይ ነበር። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል የአንድ ደብተራን የመድኃኒት መጽሐፍ በ1930 ተርጉሞ አሳተመ። ፖላንዳዊው ስቴፋን ስትሬልሲን በ1968ና በ1973 ያወጣቸው ሁለት ቅጾች የኢትዮጵያን የሕክምና ጽሑፎችና የዕፀዋት ስሞች በትጋት የመረመሩ ናቸው። ድካማቸው የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ ብራና ብራናን ይጠራል እንጂ ምድጃ ዳር የሚነገረውን አይጠራም፤ በዚህ ምክንያት ሕዝቡ በየቀኑ ይጠቀምበት የነበረው እውቀት ከተጻፈው ይልቅ በጣም ያነሰ መዝጋቢ አገኘ። በሰሜን ኢትዮጵያ መድኃኒትነት ስላላቸው ዕፀዋት ዳዊት አበበና አሐዱ አየሁ በ1993 ያሳተሙት መጽሐፍ ክፍተቱን ለመሙላት ከተደረጉት ጥረቶች አንዱ ነው።

ምርቃትና መድኃኒት ለምን አብረው እንደኖሩ ለመረዳት ቋንቋው ራሱ ጥሩ ምስክር ነው። «መድኃኒት» የሚለው ቃል በግእዝ «ድኅነ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን «መድኃኔ ዓለም» የሚለው የጌታ ስምም ከዚያው ሥር የበቀለ ነው። ቅጠል የምትጨምቀዋ እናትና ቅዳሴ የሚያስቀድሰው ምእመን የሚለምኑት በአንድ ቃል ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህም መድኃኒቱን ስታቀርብ «በስመ አብ» ማለቷ ከሕክምናው የተለየ ተጨማሪ ሥርዓት አልነበረም፤ ያለ እርሱ ቅጠሉ ቅጠል ብቻ ነው ብላ ታምናለችና።

በጓሮው የሚገኙት ጥቂቶች ናቸው፤ ሥራቸው ግን ብዙ ነው። ምች የመታው ሰው ዳማከሴ ታሽቶ ይሸተዋል፤ ግንባሩም በጭማቂው ይታሻል። ሆድ ቁርጠት ሲነሣ ጤና አዳም በቡና ወይም በሻይ ውስጥ ይገባል። ፌጦ ከሎሚ ጋር ለሆድ፣ ተፈጭቶም ለቆዳ ይውላል። ተልባ ለደረቀ ሆድ፣ ነጭ ሽንኩርትና ማር ለጉንፋን፣ ሬት ደግሞ ጡት ለማስጣል፤ እናቲቱ በጡቷ ጫፍ ስትቀባው ሕፃኑ ከምሬቱ የተነሣ ይተወዋል። ቀበርቾ ይታጠናል፤ ጢሱ ራስ ምታትን ያርቃል፣ ቡዳንም ያባርራል ተብሎ ይታመናል። እዚህ ላይ ለነገሩ ያህል አንድ ነገር መጥቀስ ይገባል። ዛሬ ጤና አዳም ከቡና ሲኒ ተለይቶ የማይታሰብ ቢመስልም፣ የደጋው ክርስቲያን ቡናን የሌላ እምነት መጠጥ ነው በማለት ለረጅም ዘመን ይርቀው ነበር፤ በስፋት መጠጣት የጀመረው በ19ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። «የጥንት» የሚባል ሁሉ ጥንታዊ አይደለም።

ከሁሉ በላይ የታወቀውና ታሪኩም የሰፋው ኮሶ ነው። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር የከብት ሥጋ ትል የማይቀር እንግዳ ነበርና ኮሶ መጠጣት እንደ ገላ መታጠብ የተለመደ ነገር ሆነ። እንዲያውም መድኃኒቱ ስሙን ለበሽታው አወረሰው፤ ትሉም «ኮሶ» ተባለ። የሚጠጣበት ሥርዓት የታወቀ ነው። ከዋዜማው ጀምሮ ሆድ ይራባል፤ ደርቆ የተወቀጠው የሴቴዋ ዛፍ አበባ በውሃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ ማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ጣዕሙ እጅግ መራራ ነው። ጠጪው ያን ቀን ከሥራም ከጉዳይም ነጻ ነው፤ እንግዳ አይቀበልም፤ አገልጋይም ቢሆን የኮሶው ቀን የራሱ ነው። «ኮሶ ጠጥተዋል» ከተባለ ደጅ ጠኚ ሳይቀየም ይመለሳል፤ ሰው ለማግኘት ያልፈለገ ትልቅ ሰውም በዚህ ምክንያት ይጠለል እንደነበር ይነገራል። ቤተሰቡ ሰብሰብ ብሎ «ይማርህ፣ ይሻርልህ» እያለ ሆዱ እስኪሽር ይጠብቃል። የሙያ ሰው ይህን ሲመለከት ከቅጠሉ ሌላ ሦስት ነገሮች እንደተሰጡ ማስተዋል ይችላል፤ ዕረፍት፣ ጠባቂና ፈቃድ። በሆስፒታል ቋንቋ የአንድ ቀን አልጋ ማለት ነው።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1769 ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በቆየባቸው ዓመታት ኮሶን ተመልክቶ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ሥዕሉንና ጥቅሙን አቀረበ፤ ዛፉንም በወዳጁ በጆሴፍ ባንክስ ስም ሰየመው። ስሙ ግን አልጸናለትም። በ1791 ጀርመናዊው ግሜሊን «ሀጌኒያ» አለው፤ በ1820ዎቹ ደግሞ አበባው በቁስጥንጥንያ በነበረ ብራዬር በተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በኩል ፓሪስ ሲደርስ «ብራዬራ» ተባለ። በ19ኛው ምእት ዓመት አጋማሽ በፓሪስና በለንደን መድኃኒት ቤቶች በውድ ዋጋ ይሸጥ ነበር፤ በ1864 በታተመው የብሪታንያ የመድኃኒት መዝገብም ስሙ ሰፈረ። የባንክስ፣ የሀገንና የብራዬር ስሞች በዛፉ ላይ ሲፈራረቁ፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ ያስተላለፉት ሴቶች ስም በየትኛውም መዝገብ አልተጻፈም። ያረጀ አበባ ኃይሉን እንደሚያጣ አውሮጳውያን ቀማሚዎች በሙከራ ሲደርሱበት፣ በደጋው ገበያ ያለች ሸማች ግን የዘንድሮውንና የአምናውን አበባ በቀለሙና በሽታው ለይታ ትገዛ ነበር።

እውነቱ ሙሉ እንዲሆን ግን ጉዳቱም መነገር አለበት። የቤት ሕክምና መለኪያው እጅ ነው፤ ቁንጥር፣ ጭብጥ፣ እፍኝ። የአንዷ ጭብጥ የሌላዋ አይደለም። ኮሶ በመጠን ሲበዛ ሰውን አዳክሞ እስከ ሞት ያደርሳል፤ የዓይን ብርሃን እንዳጠፋም ሐኪሞች መዝግበዋል። ለልብስ ማጠቢያ የሚውለው እንዶድም ተውጦ ሕይወት ያጠፋበት ጊዜ አለ። ለአዲስ የተወለደ ሕፃን ቅቤ ማስላስ፣ እንጥል ማስቆረጥ፣ የሕፃን ድድ መብጣት፣ እነዚህ ሁሉ በዚያው ፍቅር፣ በዚያው ምርቃት የተፈጸሙ ናቸው። ምርቃት መጠንን አያርምም፤ የዛገ ምላጭንም አያነጻም። በ1960ዎቹ ኒክሎሳማይድ ሲመጣ ኮሶ ከከተማ ቤቶች ቀስ በቀስ መውጣቱ የሚያስቆጭ አይደለም።

እንዶድን ካነሡ አይቀር ሌላውንም ገጽ መመልከት ያስፈልጋል። አክሊሉ ለማ በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አየ። ቀንድ አውጣው ብልሃርዚያን የሚያስተላልፍ በመሆኑ ከዚህ ተራ የሚመስል ነገር ተነሥቶ የብዙ ዓመት ምርምር ተካሄደ፤ አክሊሉ ለማና ባልደረባው ለገሰ ወልደ ዮሐንስም በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። የምርምሩ መነሻ ቤተ ሙከራ ሳይሆን የልብስ ማጠቢያ ድንጋይ ነበር።

ምርቃቱና እንክብካቤው ጎልተው የሚታዩበት ሌላው ሥፍራ የወሊድ ቤት ነው። ምጥ ሲጀምር ሴቶች ተሰብስበው «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ። ይህ ድምፅ ለምጠኛዋ ብቻ የሚደረግ ጸሎት አይደለም፤ ለሠፈሩም ማስታወቂያ ነው። ልጅ ሲወለድ እልልታው ይቀልጣል፤ በብዙ አካባቢ ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ጊዜ ነው፤ ስለ ልዩነቱ አንባቢው የራሱን አስተያየት መስጠት ይችላል። ገንፎ ይገነፋል፤ የሚጠይቋትም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይሏታል። ካህኑ መጥቶ ቤቱንና በቤቱ የነበሩትን ጸበል ይረጫል። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ እናቲቱ አራስ ናት፤ ብቻዋን አትተውም፣ ብረት ከአጠገቧ አይለይም፣ ከባድ ሥራም አይነካትም። የብረቱ ነገር ከመንፈስ ለመጠበቅ ነው ቢባልም፣ ብቻዋን አትተውም የሚለው ሥርዓት ግን ደም የሚፈሳትን ሴት ፈጥኖ የሚያይ ዓይን ከጎኗ አኑሯል። ደሙ ሲበረታ ግን ያ ዓይን ከማልቀስ በቀር የሚያደርገው ብዙም አልነበረውም። ስንት እናት በምርቃትና በእልልታ መካከል እንደ ቀረች የሚናገር መዝገብ የለም።

ሁለቱ ዓለማት ሲገናኙ ግጭቱ የተፈጠረው በቅጠሉ ሳይሆን በንቀት ነው። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954 ከተከፈተ ወዲህ ወደ ገጠር የወጡ ባለሙያዎች ብዙ መልካም ሠርተዋል፤ ነገር ግን «ምን ጠጣሽ? ማን ዘንድ ሄድሽ?» የሚለው ጥያቄ በተቆጣ ድምፅ ሲጠየቅ መልሱ «ምንም» ይሆናል። ሕመምተኛዋ ጸበሏንና ቅጠሏን ከነጠላዋ ሥር ደብቃ ትቀርባለች። ባለሙያውም የጠጣችውን ሳያውቅ በላዩ ሌላ ያዝዛል። የአልማ አታ ጉባኤ በ1978 የልምድ አዋላጆችና የባህል ሐኪሞች በመጀመሪያ ደረጃ የጤና አገልግሎት ውስጥ ቦታ እንዲያገኙ ሲጠይቅ ይህን ድብብቆሽ ከግምት ያገባ ይመስላል።

የድብብቆሹ ዋጋ ከሁሉ በላይ የታየው በኤች አይ ቪ ዘመን ነው። በእንጦጦ ጸበል የሰፈሩ ብዙ ሕሙማን ጸበሉን ከጠጡ ኪኒኑን መዋጥ እምነት ማጉደል መስሏቸው መድኃኒታቸውን አቋረጡ። ሱባዔውን ፈጽመው በመዳን ፈንታ አልጋ የያዙ ነበሩ። በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበልንና መድኃኒትን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን በይፋ ተናገሩ። ይህ ቃል ለብዙዎች ከሐኪም ማስጠንቀቂያ የበለጠ ሠርቷል፤ ምክንያቱም ኪኒኑን ሲውጡ «በስመ አብ» ለማለት የሚያስችል ፈቃድ ነበረና። አያት ዳማከሴውን ስትጨምቅ ትለው የነበረው ያው ቃል ነው።

በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች በ2000 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ወደ 48 ደርሰዋል። ለለውጡ መንገዱም፣ አምቡላንሱም፣ በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራም አስተዋጽኦ አላቸው። ከእነዚህ ሌላ በብዙ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ ክፍል ተሠርቶ ምድጃ ገብቶለታል። እዚያ ገንፎ ይገነፋል፤ ቡና ይፈላል፤ የምጠኛዋ እናትና ጎረቤቶችም በራፉ ላይ ተቀምጠው «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ። በውስጥ ያለችው አዋላጅ ነርስ ጓንቷን አጥልቃ፣ ደም የሚያቆመውን መርፌ አዘጋጅታ ትጠብቃለች። ሕፃኑ ሲያለቅስ እልልታው ከውጭ ይሰማል፤ እርስዋም እትብቱን አስራ ስትጨርስ ወደ እናቲቱ ዘንበል ብላ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትላለች።