የወረደ ፒክአፕና የካርዳን ሒሳብ

የእህቴ ልጅ ካሊፎርኒያ ነው የሚኖረው። ባለፈው ክረምት የ1971 ሞዴል ሼቭሮሌት ሲ10 ፒክአፕ ገዛ። ከገንዘቡ ግማሹን ያበደርኩት እኔ ነኝ። ብዙም ሳይቆይ ሞላውን በአጭር ሞላ ቀይሮ መኪናውን አራት ኢንች አወረደውና ፎቶ ላከልኝ፤ መሬት የሚልስ የሚመስል ቀይ መኪና። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደወለ። «አክስቴ፣ ስልሳ ማይል ስደርስ ወንበሩ ድረስ ይንቀጠቀጣል። በተገኘው ዋጋ ልሸጠው ነው።»

በተገኘው ዋጋ የሚሸጠው የእኔ ብር ነው። «ቆይ፣ መጀመሪያ ክሮቼራውን እይ» አልኩት። ክሮቼራ ምን እንደሆነ አያውቅም። እናም ዛሬ ከቀረጥና ከምንዛሬ ወጣ ብዬ የዚህን ነገር ታሪክ ላጫውታችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጋራዥ ውስጥ የምንጠራቸው ስሞች አብዛኞቹ ጣሊያን ትቶልን የሄዳቸው ናቸው። ባሌስትራ፣ ሞላ፣ ካምቢዮ፣ ፒኞን፣ ሁሉም። ክሮቼራ መስቀለኛ ማለት ነው፤ አውጥቶ ላየው በእርግጥም ትንሽ የብረት መስቀል ነው። ካርዳን ደግሞ የሰው ስም ነው፤ ጂሮላሞ ካርዳኖ የሚባል የ16ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊ ሐኪምና የሒሳብ ሊቅ። በ1670ዎቹ እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ ስለዚህ መጋጠሚያ ጻፈ፤ ፈረንጆች ዛሬም በሁለቱም ስም ይጠሩታል። ወደ መኪና በደንብ የገባው ግን በክላረንስ ስፓይሰር ነው። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። በ1903 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ፣ በ1904 ኒው ጀርሲ ውስጥ ፕሌንፊልድ በምትባል ከተማ ማምረት ጀመረ። ከዚያ በፊት ብዙ መኪኖች ጎማቸውን የሚያዞሩት እንደ ብስክሌት በሰንሰለት ነበር።

ክሮቼራ አንድ ዓመል አለው። ታጥፎ ሲዞር ከካምቢዮ የሚቀበለው ዙር እኩል ቢሆንም የሚያስተላልፈው እኩል አይደለም፤ በአንድ ዙር ውስጥ ሁለቴ ይፈጥናል፣ ሁለቴ ይዘገያል። እጥፋቱ በበዛ ቁጥር ይብሳል። ለዚህ ነው ካርዳን በሁለቱም ጫፍ ክሮቼራ ያለው። ሁለተኛው በተመሳሳይ ማዕዘን ከታጠፈ የመጀመሪያውን ስህተት ያጠፋዋል። ኮሜርስ የተማርን ሰዎች ይህን ለመረዳት መካኒክ መሆን አያስፈልገንም፤ ዴቢትና ክሬዲት ነው። በአንዱ በኩል ሦስት ዲግሪ ከተመዘገበ በሌላውም ሦስት መመዝገብ አለበት። ካልተመዘገበ ልዩነቱ የትም አይጠፋም፤ በንቅጥቅጥ መልክ ኩሽኔታና ክሮቼራ ሲበላ ይኖራል።

መኪና ማውረድ ፋሽን የሆነው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በደቡብ ካሊፎርኒያ ነው፣ በተለይ ሜክሲኮ-አሜሪካውያን ወጣቶች ዘንድ። ገንዘብ ስላልነበራቸው የኋላ ሻንጣው ውስጥ የአሸዋ ከረጢት ይጭኑ ነበር፣ ወይም ሞላውን ይቆርጡት ነበር። ፍጥነት አይፈልጉም፤ ቀስ ብሎ መታየት ነው ዓላማው። በ1950ዎቹ መጨረሻ የግዛቱ ሕግ ማንኛውም የመኪና አካል ከቸርኬው የታችኛው ጫፍ በታች እንዳይወርድ ከለከለ። ሮን አጊሬ የሚባል ሰው በ1959 ኮርቬቱ ላይ ሃይድሮሊክ ገጠመ። ፖሊስ ሲመጣ ከፍ፣ ሲሄድ ዝቅ። (በጉምሩክ ኬላ ላይ የቆመ ሰው ይህን ብልሃት ሳያደንቅ አይቀርም።) ያ ሕግ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ተሽሯል።

የፒክአፑ ነገር ሌላ መንገድ ነው የመጣው። ሼቭሮሌት በ1960 ባወጣው አዲስ ፒክአፕ ከኋላ ባሌስትራውን ትቶ ሞላ አደረገ። አክሰሉን ከሻንሲው መሃል የሚነሱ ሁለት ረጃጅም ክንዶች ይይዙታል። እስከ 1972 ድረስ በዚህ ዘለቀ፤ በ1973 ወደ ባሌስትራ ተመለሰ። ሞላ ደግሞ ለማሳጠር ቀላል ነው፤ አውጥቶ አጭር መክተት ብቻ ነው። የዛሬዎቹ ወጣቶች የእነዚያን ዓመታት መኪኖች የሚያሳድዱት አንድም ለዚህ ነው።

ሌላው ምክንያት ቀረጥ ነው፤ ቀረጥ የሌለበት ታሪክ የት አለ። አውሮፓውያን በአሜሪካ ዶሮ ላይ ቀረጥ ስለጨመሩ፣ ፕሬዚዳንት ጆንሰን በ1963 መጨረሻ በውጭ አገር ቀላል የጭነት መኪና ላይ 25 በመቶ ጣሉ። ጃፓኖች ፒክአፑን ያለ ካሶኒ እያስገቡ 4 በመቶ ብቻ ይከፍሉ ነበር፤ ካሶኒው አሜሪካ ውስጥ ይገጠማል። ቀዳዳው በ1980 ተደፈነ። እነዚያ ትንንሽ ርካሽ ፒክአፖች ግን ወጣቱ እጅ ገብተው ነበርና በ1980ዎቹ ማውረድ ከቤት መኪና ወደ ጭነት መኪና ተዛመተ።

እንግዲህ ወደ ንቅጥቅጡ። ሲ10 ሲወርድ የክንዶቹ የኋላ ጫፍ ከሻንሲው አንጻር ሽቅብ ይወጣል። አክሰሉ ከክንዶቹ ጋር ታስሯልና አብሮ ይዞርና ፒኞኑ አፍንጫውን ወደ መሬት ይደፋል። ካምቢዮው ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ሒሳቡ ፈረሰ ማለት ነው። መድኃኒቱ በክንዱና በአክሰሉ መካከል የሚገባ የብረት ሽብልቅ ነው፤ ፒኞኑን መልሶ ቀና ያደርገዋል። ረጅም ካሶኒ ያላቸው ላይ ደግሞ ካርዳኑ ሁለት ቁራጭ ነው፣ መሃሉን ሻንሲው ላይ የታሰረ ኩሽኔታ ይይዘዋል። የፊተኛው ቁራጭ ከካምቢዮው ጋር ቀጥ ሊል ስለሚቀርብ ዴቢትና ክሬዲቱ የሚዘጋው በመካከለኛውና በኋለኛው ክሮቼራ መካከል ነው። መኪናው ብዙ ሲወርድ ኩሽኔታው ዝቅ እንዳለ ይቀርና የኋለኛው ቁራጭ ወደ ላይ ይቀናል፤ ያን ጊዜ ኩሽኔታውንም ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። አክሰሉን በጎን የሚይዘው ዘንግም አለ፤ ካልተስተካከለ የኋላ ጎማዎቹን ወደ አንድ ጎን ይገፋቸዋል። አክሰሉ ሻንሲውን የሚመታ ከሆነ ሻንሲው በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ተቆርጦ በወፍራም ብረት ይጠናከራል። ይህን ጎበዝ በያጅ ብቻ ይንካው።

ልኬቱ የሚወሰደው መኪናው በጎማው ቆሞ ነው። በክሪክ ተነስቶ አክሰሉ ተንጠልጥሎ የተለካ ማዕዘን ዋጋ የለውም፤ ምክንያቱም ካርዳን ሒሳቡ የሚዘጋለት በአንድ ከፍታ ላይ ነው።

ይህን ያወቅሁት ከፍዬበት ነው። እኛ መኪና አናወርድም፤ ጭነቱ ያወርድልናል። ከስምንት ዓመት በፊት ፒክአፔ ቦሎቄ ጭኖ ወደ ሞያሌ ሲወርድ ቂጡ መሬት እየነካ አስቸገረኝና አንድ ጋራዥ ሁለት ቅጠል ባሌስትራ ጨመረልኝ። ጭነት ሲኖር ደህና ነው። ባዶውን ሲመለስ ግን ኋላው እንደ ፌንጣ ተሰቅሎ ከታች ያጉረመርማል። ጠየቅሁ፤ «ጎማ ነው» አሉኝ። ጎማ ቀየርኩ። ከአራት ወር በኋላ ያቤሎ ሳልደርስ የኋላው ክሮቼራ ተሰብሮ ካርዳኑ አስፋልቱን እየፋቀ ቆምን። ዕቃ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሁለት ቀን አለፈ፤ ሞያሌ የሚጠብቀኝ ደንበኛ ከሌላ ሰው ገዛ፣ ወደ እኔም አልተመለሰም። ማዕዘኑን የለካ ሰው አልነበረም። እኔም ለኩ አላልኩም።

ለእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ በስልክ ነገርኩት። ርካሽ የማዕዘን መለኪያ ገዝቶ ለካ። የፊተኛው የካርዳን ቁራጭ ወደ ኋላ ሦስት ዲግሪ ይወርዳል፤ ስለዚህ ፒኞኑ ሦስት ዲግሪ ቀና ማለት ነበረበት። እሱ ግን አንድ ዲግሪ ደፍቶ ተገኘ። አራት ዲግሪ ሽብልቅ አስገባ፣ የጎኑን ዘንግ በሚስተካከል ቀየረ፣ ተጎድቶ የነበረውን የመሃል ኩሽኔታም አወጣ። ሁለት ቅዳሜ ፈጀበት። አሁን ሰባ ማይል ላይ ዝም ይላል አለኝ። መሸጡም ቀርቷል። የብድሩን የመጀመሪያ ክፍያ በመስከረም እልካለሁ ብሏል፤ እየጠበቅሁ ነው።