ቃጫ

«ቃጫ» ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ገመድና ጆንያ ነው። የቁሳቁስ ምህንድስና ግን ቃሉን ሌላ ሥራ ሰጥቶታል፦ ፕላስቲክ ውስጥ ተቀብሮ ጉልበት የሚሆን የዕፅዋት ክር። ነገሩ ለጭቃ ቤት ሠሪ እንግዳ አይደለም። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጭድ ሲገባበት ግን ስንጥቁ መንገድ ያጣል። ጭቃው ቅርጽ ይሰጣል፣ ጭዱ ይይዛል። የፕላስቲክና የቃጫ የሥራ ክፍፍልም ይኸው ነው። ለዚሁ ሥራ የሚውለው የመስታወት ክር በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ 2.5 ግራም ገደማ ሲመዝን ቃጫ 1.5 ግራም አካባቢ ነው፤ ክብደት መቀነስ የሚሹ መኪና አምራቾች ለበር የውስጥ ልባስ የተጠቀሙበትም ለዚህ ነው።

«ቃጫ የአንድ ተክል ስም ነውና ለሁሉም የዕፅዋት ክር አይሆንም» የሚል ይኖራል። ሆኖም ከእንሰት የሚፋቀውንም ቃጫ እንለዋለን፤ ቃሉ ራሱ ሰፍቷል። ሌላው ተቃውሞ ይከብዳል፦ ቃጫ ውሃ ይወዳል፣ ፕላስቲክ ውሃ ይሸሻል፤ ካልተስማሙ ክሩ ሳይበጠስ ተመዞ ይወጣል። ክሩ አስቀድሞ በኮስቲክ ሶዳ የሚታጠበው ለዚህ ነው፤ ክሩን የሸፈነው ሰም ሲለቅ ገጹ ይሻክራል፣ ፕላስቲኩም ይጨብጠዋል። እንግዲህ «ፋይበር» ከማለታችን በፊት ቃጫን እናስታውስ፤ ቃሉም ነገሩም በእጃችን ነው።