የአዋጅና የደብዳቤ ልማድ በቀድሞ ዘመን

የጽርዕ ፈላስፋ አርስቶትል ስለ ንግግር ጥበብ በጻፈው መጽሐፉ ተናጋሪውን፣ የሚነገረውን ነገርና ሰሚውን ሦስት አድርጎ ከለየ በኋላ፣ ከእርሱ ወዲህ የተነሡ ሊቃውንት ቃሉ የሚተላለፍበትን መንገድና ከሰሚው ወደ ተናጋሪው የሚመለሰውን ምላሽ ጨምረው፣ የሰው ልጅ እርስ በርሱ የሚግባባባቸውን መሠረቶች ወደ አምስት አድርሰዋቸዋል። አባቶቻችን ስለዚህ ነገር ድርሳን አልደረሱም፤ ነገር ግን አዋጅ ሲያስነግሩና ደብዳቤ ሲልኩ ይጠብቁት የነበረውን ሥርዐት በጥሞና ለተመለከተ ሰው፣ ለአምስቱም ለእያንዳንዳቸው ማዕርግና ስፍራ ተሰጥቷቸው እንደ ነበር፣ ይልቁንም ዛሬ በመጨረሻ የሚቈጠረው ምላሽ በእነርሱ ዘንድ የክብር መለኪያ እንደ ነበረ ይገለጥለታል።

አዋጅ ይነገር የነበረው አስቀድሞ ነጋሪት ተጐስሞ ነው፤ ምክንያቱም ጆሮ ሳይዘጋጅ የተነገረ ቃል ባክኖ ይቀራልና። ቀኑም የገበያ ቀን እንዲሆን ይመረጥ ነበር፤ በዚያ ቀን የቆላውም የደጋውም ሰው በአንድ ሜዳ ስለሚገናኝ፣ አንድ ጊዜ የተነገረው ቃል ማታውኑ በየአቅጣጫው ወደ መንደሩ ይዘልቃል። አዋጅ ነጋሪው ቃሉን የሚያሰማው በራሱ ስም ሳይሆን በንጉሡ አንደበት ስለ ሆነ፣ ሕዝቡም በንጉሡ ፊት እንደ ቆመ ሆኖ፣ አደግድጎ ይሰማ ነበር። ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» የሚለው ትእዛዝ ነው፤ ሰሚው በዚያች ቅጽበት ሰሚነቱ ያበቃና እርሱ ራሱ የቃሉ ተሸካሚ ሆኖ ወደ ቤቱ ይመለሳልና፣ መንግሥቱ ደመወዝ የማይከፍለው መልእክተኛ በየጎጆው አገኘ ማለት ነው። መስከረም 7 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ የክተት አዋጅ ባስነገሩ ጊዜ የሆነው ይኸው ነው፤ ምላሹም በቃል ሳይሆን በእግር መጣ፣ በወረኢሉም በኩል አልፎ ወደ ትግሬ የተመመው ሠራዊት ወደ መቶ ሺህ የሚገመት ነበር። ነጋሪት ከአደባባይ ከቀረ በኋላም እንኳ፣ በ1934 ዓ.ም. የተቋቋመው የሕግ ማስታወቂያ ጋዜጣ ነጋሪት ጋዜጣ ተብሎ ተሰየመ።

የደብዳቤው ሥርዐት ደግሞ ሌላ ነበር። ንጉሥ በደብዳቤው ግርጌ ፊርማ አያኖርም፤ ማኅተሙ ከላይ ያርፋል፣ ከዚያ ስመ ሥላሴ ይጠራል፣ ከዚያም እንዴት ሰነበትህ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ የሚለው ሰላምታ ይከተላል፤ ዋናው ጉዳይ ግን ብዙ ጊዜ በወረቀቱ ላይ አይገኝም፤ በመንገድ ጠላት ቢነጥቀው ምሥጢሩ እንዳይወጣ በታመነው መልእክተኛ ልብ ተቀምጦ ይሄዳል። እግረኛው ወረቀቱን በተሰነጠቀ ዘንግ ጫፍ ሰክቶ፣ ወንዝና ገደል እያቋረጠ ከደረሰ በኋላ፣ ተቀባዩ ድርጎ ቈርጦለት ምላሹን እስኪሰጠው ያቈየዋል፤ መልእክተኛን ባዶ እጁን መመለስ ላኪውን እንደ መናቅ ስለሚቈጠር፣ ከእምቢታም የከፋ ነበር። ፖስታ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. እንዲቋቋም አዘዙ፣ ቴምብሮቹ በፓሪስ ታተሙ፣ በ1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ወደ ዓለም ፖስታ ኅብረት ገባች።

የምላሽን ክብደት ከሁሉ አብልጦ ያሳየው ግን የዐፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈው፣ እንግሊዛውያን ወዳጆቻቸው ፕላውደንና ቤል እንደ ሞቱባቸው ነገሯት፤ መልእክተኞች ሊልኩላት እንደሚሹና የባሕሩን በር ቱርክ ስለ ዘጋው በምን መንገድ እንደሚያልፉ ጠየቋት፤ ደብዳቤውንም ለእንግሊዙ ቆንሲል ለካሜሮን አስረከቡ። ወረቀቱ በዚያው ዓመት በየካቲት ሎንዶን ደረሰ፤ ከዚያም በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተቀምጦ ቀረ። ለፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት ለናፖሌዎን 3ኛ የተላከው ደብዳቤ ምላሽ አግኝቶ ነበር፤ ነገር ግን የጻፈው ንጉሡ ሳይሆን ሚኒስትሩ ስለ ነበረ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ክብሬ ተነካ አሉ። በመጨረሻም ከሎንዶን የመጣ መልእክተኛ ለካሜሮን ደብዳቤ ይዞ ሲደርስ፣ ቆንሲሉ ወደ ምጽዋ ይመለስ የሚል ትእዛዝ እንጂ ለንጉሠ ነገሥቱ አንዲት ቃል አልያዘም ነበር፤ በታኅሣሥ 1856 ዓ.ም. ቆንሲሉ ከባልደረቦቹ ጋር ታሰረ።

እዚህ ላይ ነገሩን ልብ ይሏል፤ ላኪው ነበር፣ ቃሉ ተጽፎ ነበር፣ መንገዱም ተገኝቶ ነበር፣ ተቀባዩም ተቀብሎ ነበር፤ የጐደለው አንዱ ብቻ ነው። የንግሥቲቱ ደብዳቤ እስረኞቹን ልቀቁ ብሎ የተጻፈው ከእስራቱ በኋላ ሲሆን፣ ራሳም የተባለው መልእክተኛ በምጽዋ ብዙ ቈይቶ በንጉሠ ነገሥቱ እጅ ያስረከበው በጥር 1858 ዓ.ም. ነው። ከሁለት ዓመት ጥቂት በኋላ የእንግሊዙ ጀነራል ናፒየር ከሕንድ 44 ዝሆኖች አስከትሎ፣ በዙላ በኩል ገብቶ መቅደላ ወጣ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በገዛ ሽጉጣቸው ራሳቸውን ሠዉ። ንጉሠ ነገሥቱ ቍጡ እንደ ነበሩ፣ መልእክተኛንም ማሰር ከቀድሞው ሥርዐት ውጭ እንደ ሆነ አልክድም፤ ሆኖም ስለ መቅደላ የሚጽፉ ደራስያን ታሪኩን ንጉሡ ካሠሩት ሴባስቶፖል ከተባለው መድፍ እየጀመሩ ንጉሡን ብቻ ተጠያቂ ስለሚያደርጉ፣ ከእንግዲህ ወዲህ በ1855 ዓ.ም. ተልኮ መልስ ካጣው ደብዳቤ እንዲጀምሩ እለምናቸዋለሁ።