አፍ የሚያስፈታ ፊደል

ኑማ፣ ወደ ጥላው ጠጋ በሉ፤ የመንደራችን የጀውሃ ፀሐይ ቆሞ አያናግርም። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንዲት እናት ነው።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ይባላሉ። አሜሪካ ኖረው ወደ አገራቸው ተመለሱና አዲስ አበባ ላይ የውበት ሙያ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ቤታቸው ግን ኦቲዝም ያለበት ወንድ ልጅ አለ። ትምህርት ቤት ይወስዱታል፣ አንቀበልም ይባላሉ፤ ሌላ ይሞክራሉ፣ ያም ይመልሳቸዋል። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ልጅ የወለደችን እናት ጎረቤት «ምን ሠርታ ይሆን?» ይላታል። አንዱ እርግማን ነው ይላል፣ ሌላው ቡዳ። ልጁን ጓዳ የሚደብቀው፣ ሲብስም የሚያስረው ብዙ ነበር። ወይዘሮ ዘሚ አልደበቁም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ፤ የልጃቸውንም ነገር በአደባባይ ተናገሩ።

አሁን አፍ ወደሚያስፈታው ፊደል ልምጣ። ሀሁ ስንቆጥር ያደግንበት ገበታ፣ 33ቱ እስከ 7 የሚረባው፣ እያንዳንዱ ሲጠራ አንድ ሙሉ ድምፅ ነው። ወይዘሮ ዘሚ ከዚህ ተነሥተው «አቡጊዳ ፎነቲክስ» ያሉትን ዘዴ ቀመሩ። ቃል በድምፅ በድምፁ ይፈታል፤ ልጁ አንድ በአንድ ይይዘዋል፣ ከዚያ መልሶ ይገጥመዋል።

እስቲ እዚሁ መንደራችን እናስበው። ያልተናገረ የሦስት ዓመት ልጅ ውሃ ሲጠማው የእናቱን እጅ ይዞ ወደ ጀሪካኑ ይጎትታታል። ትቀዳለታለች፤ አለቀ። የንግግር ሕክምና የሚገባው እዚችው ጋ ነው። እናት ጣሳውን ይዛ ቁጢጥ ትላለች፤ ፊቷን ከፊቱ ታስተካክላለች። ከንፈሯን አሹላ «ው» ትላለች። ከዚያ ዝም ብላ ትጠብቃለች። ከባዱ መጠበቁ ነው፤ እናት አንጀቷ አይችልም! ልጁ ከንፈሩን ካሾለ፣ ድምፅ ባይወጣው እንኳ ደግ ነው። ባያሾልም ይጠጣል፤ በዚህ ቆላ ውሃ ለማስተማሪያ አይከለከልም። «ሃ» ሌላ ቀን ይመጣል፣ ምናልባትም ሌላ ወር።

አንድ የሚቆጨኝ ነገር አለ። «ቤት አማርኛ፣ ገበያ ኦሮምኛ ሲሰማ ተምታታበት» የሚሉ አሉ። ይህ አገራችን ይፋት እኮ ሁልጊዜም እንዲህ ነው የኖረው! ሁለት ቋንቋ የልጅን አፍ አያስርም። የታመመ ጆሮ ግን ያስራል። መግል የሚወርደው፣ ሲጠሩት ዞር የማይል ልጅ አስቀድሞ ጆሮውን ይታይ። በሁለት ዓመቱ «እማ ነይ» ብሎ ሁለት ቃል ያልገጠመውንም ጤና ጣቢያ አሳዩት፤ «አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው» እየተባለ ስንት ልጅ ዕድሜው ሄደ!

ወይዘሮ ዘሚ በእኛ አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. አረፉ። ማዕከላቸው አዲስ አበባ ነው፤ ከጀውሃ የጣርማ በርን ተራራ ወጥቶ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ። ሽንኩርቷን መደብ ላይ ትታ፣ ልጅ አዝላ በየሳምንቱ ይህን መንገድ የምትመላለስ እናት ከየት ትመጣለች? ዘዴው ራሱ ጣርማ በርን ይውረድ እንጂ። እናንተ የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቼ፣ ቤት ለቤት ስትዞሩ ክትባት ወሰደ ወይ ብላችሁ እንደምትጠይቁ ሁሉ፣ «ስንት ቃል ይላል?» ብላችሁም ጠይቁልኝ።