የሟቾች ቁጥርና የቦታ ልዩነት፤ ከቻድዊክ እስከ ፋር

እ.ኤ.አ. በ1842 ዓ.ም. ኤድዊን ቻድዊክ ስለ እንግሊዝ አገር ሠራተኛ ሕዝብ የጤና ሁኔታ ያጠናቀረው ዘገባ ለፓርላማ በቀረበ ጊዜ፣ እጅግ አስደንጋጭ የሆነ ሰንጠረዥ ይዞ ነበር። ገጠር በሆነችው የራትላንድ አውራጃ የሞቱት ባለሙያዎችና ባለርስቶች በአማካይ 52 ዓመት፣ የጉልበት ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው ደግሞ 38 ዓመት ኖረዋል ይላል። በማንቸስተር ግን የጌቶቹ ዕድሜ 38፣ የነጋዴዎቹ 20፣ የሠራተኞቹ 17 ሆኖ ተመዝግቧል። እንግዲህ በዚህ ሰንጠረዥ መሠረት የራትላንድ ድኻ ከማንቸስተር ሀብታም እኩል ኖሯል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ስሌቱ ከባድ ጉድለት ነበረበት። ቻድዊክ ያደረገው የሟቾቹን ዕድሜ ደምሮ ለሟቾቹ ቁጥር ማካፈል ነው። በዚህ ዓይነት ሕፃናት የበዙበት ከተማ፣ ምንም እንኳ አየሩና ውሃው የተስማማ ቢሆን፣ የሟቾቹ አማካይ ዕድሜ ዝቅ ማለቱ አይቀርም፤ ሽማግሌዎች የበዙበት መንደር ደግሞ ከእውነቱ ይልቅ ጤናማ መስሎ ይታያል። ማንቸስተር ደግሞ ወጣቶች የፋብሪካ ሥራ ፍለጋ ከየገጠሩ እየጎረፉ ልጅ የሚወልዱባት ከተማ ነበረች። ይህን ስሕተት በ1844 ዓ.ም. ለለንደን የስታቲስቲክስ ማኅበር ያስረዳው የኢንሹራንስ ሒሳብ ዐዋቂው ኔይሰን ነው፤ ሁለት ሕዝቦች ከመነጻጸራቸው በፊት የዕድሜ ስብጥራቸው እኩል መደረግ እንዳለበት በስሌት አሳየ። ዛሬ እንደ ተራ ነገር የሚሠራበት በዕድሜ የማስተካከል ዘዴ ከዚህ ክርክር ብዙ ወርሷል።

ነገሩ የምሁራን ሙግት ብቻ አልነበረም። የውሃ ቧንቧና የፍሳሽ ቦይ ወጪ በግብር መልክ የሚወድቀው በየከተማው ባለንብረቶች ላይ ነውና፣ ስሌቱ ሲወድቅ ጉዳዩም አብሮ ሊወድቅ ይችል ነበር። ይህን የታደገው ከሁሉ ይልቅ የዊልያም ፋር ሥራ ነው። በ1837 ዓ.ም. ልደትና ሞት መመዝገብ በጀመረው ጠቅላይ የመዝገብ ጽሕፈት ቤት ከ1839 ዓ.ም. አንሥቶ ያገለገለው ፋር፣ በየዕድሜው የሞቱትን በዚያው ዕድሜ ካሉት ሕያዋን ጋር እያገናዘበ የሕይወት ሰንጠረዥ ሠራ። በዚህም መሠረት አንድ ሕፃን ሲወለድ ሊኖር የሚጠበቀው ዕድሜ በሰሬይ 45፣ በለንደን 37፣ በሊቨርፑል 26 ዓመት ሆነ። ስሕተቱ ከታረመ በኋላም በሰሬይና በሊቨርፑል መካከል የ19 ዓመት ልዩነት ቀረ፤ ይህን ደግሞ በሕፃናት ብዛት ማሳበብ አልተቻለም።

በ1848 ዓ.ም. የወጣው የሕዝብ ጤና ሕግ፣ በዓመት ከ1000 ሰው ከ23 በላይ በሚሞትበት ቦታ የአካባቢ የጤና ቦርድ እንዲቋቋም ለማስገደድ ለማዕከላዊው ቦርድ ሥልጣን ሰጠ። ፋር በበኩሉ የሞት መጠናቸው ከ1000 ከ17 የማይበልጠውን አውራጃዎች መለኪያ አድርጎ፣ ከዚያ በላይ የሚሞተውን ሁሉ ሊድን ይችል እንደ ነበረ ሰው ይቆጥረው ነበር።

የበሽታውን ምክንያት በተመለከተ ግን ፋር ራሱ ለብዙ ጊዜ ተሳስቷል። በ1849 ዓ.ም. በለንደን በደረሰው የኮሌራ ወረርሽኝ፣ ሰፈሩ ከቴምዝ ወንዝ በላይ ከፍ ባለ ቁጥር ሟቹ እያነሰ መሄዱን አየ። ቁጥሩ ከቀመሩ ጋር በሚያስገርም ሁኔታ ገጠመለትና፣ በዝቅተኛው ቦታ የሚረጋው መጥፎ አየር ገዳይ ነው ብሎ ደመደመ። በዚያው ዓመት ጆን ስኖው በሽታው በሚጠጣ ውሃ እንደሚተላለፍ ሲጽፍ፣ ፋር ሐሳቡን በሙሉ ልብ አልተቀበለውም።

ኮሌራ በ1866 ዓ.ም. እንደ ገና በምሥራቅ ለንደን ሲነሣ፣ ፋር የሟቾቹን ቁጥር ውሃ በሚያቀርቡት ኩባንያዎች ክልል ለይቶ መረመረ። ጉዳቱ የበረታው የምሥራቅ ለንደን ውሃ ኩባንያ በሚያድለው ሰፈር ነበር፤ በኦልድ ፎርድ ከሚገኘው ክዳን የሌለው የኩባንያው ማጠራቀሚያ ያልተጣራ ውሃ ወደ ቧንቧው ይገባ ኖሯል።